ዳማው በስክሪኑ ላይ ሲያነክስ

ያረጀ ሃርድ ዲስክ ሲሠራ ውስጡ ቃ፣ ቃ ይላል። ትናንት አንድ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ያንን ድምፅ ስሰማ የፈረስ ላብ ሸተተኝ። ሌላ ሰው አያምነኝም፤ አንተ እንኳ እመነኝ።

ያኔ እንጅባራ ላይ ከአብሮ አደጌ ጋር የሠርግ ቪዲዮ ቤት ከፍተን ነበር። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ አቀናብራለሁ። ክረምት ገብቶ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ፈረስ ፈረስ የሚሸት ጋቢ የለበሱ አዛውንት መጡ። በልጃቸው ሠርግ ዳማ ፈረሳቸውን ሽምጥ ጋልበው ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ ፈረሱ ሞተ። የቀራቸው እኛ የቀረጽነው ቪዲዮ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ ካመጣው፣ ቃ ቃ ከሚል አሮጌ ዲስክ ላይ ከፈትሁላቸው። ፈረሱ ሁለት እርምጃ ይሄድና ይገተራል፤ ደግሞ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። አዛውንቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«የኔ ዳማ አንክሶ አያውቅም። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«አባባ፣ አስተካክለዋለሁ፤ ነገ ይመለሱ» አልኋቸው።

ልቤ ግን ወደ ጓደኛዬ ሄደ። ሰሞኑን ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ጫግኒ ከተማ የራሱን ቪዲዮ ቤት ሊከፍት ነው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። ጥሩውን ቅጂ ለራሱ አስቀርቶ የተበላሸውን ሰጠኝ ብዬ ደመደምሁ።

ስጠይቀው ሳቀ። «ቪዲዮው ደህና ነው፤ ዲስኩ ነው ቀርፋፋ። ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጠህ እየው።»

ይህንንም ጠረጠርሁ። ኮምፒዩተሩ ሞልቶ ስለነበር፣ ቦታ ለማስለቀቅ የሠራሁትን በገዛ እጄ ሊያስጠፋኝ ነው አልሁ።

«ዋናውን የት ደበቅኸው?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ጫግኒ ሄደ። ይኸው፣ አላልሁም? አልሁ ለራሴ። ይህን ስነግርህ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

በማግስቱ ሲጨንቀኝ ቦታ አስለቅቄ ገለበጥሁት። ለካ ዲስኩ ያን ሁሉ ምስል ቶሎ ማቀበል አቅቶት ኖሯል። ዳማው አንዴም ሳይገተር ሜዳውን ሰንጥቆ ሮጠ። አዛውንቱ አራት ጊዜ አስደገሙኝ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«ይህን ያነሣ እጅ ይባረክ። ልጁ የታለ?»

እሳቸው ሲሄዱ ለጓደኛዬ ደወልሁለት።

«ፈረሱ ሮጠ?» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ።

«ሮጠ።»

«እሰይ። አባባ ደስ ይበላቸው።»

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ብደውል፣ ብደውል አላነሣም።