ጭንቅላቱ አልገባ ያለው ሮቦት

እልኸኛ ነኝ። ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። እናቴ ከጂዳ ልትመጣ ነው ተብሎ መካነ ሰላም መናኸሪያ ቆመን ስንጠብቅ፣ «እማ» ላልላት በልቤ ምዬ ነበር። እማ የምላት ሌላ ሰው አለችኛ! እናቴ ስትሄድ ገና ነፍስ አላወቅኩም፤ ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ናት። እኛ አገር ልጅ እማ የሚለው ያሳደገችውን ነው። እናቴን አክስቴ «እታለም» ስትላት ሰምቼ እኔም በስልክ እታለም እላት ነበር። እሷ ከወዲያ ማዶ «እሺ የኔ እናት፣ ደህና ነሽ?» ትለኛለች። ምን ደህና እሆናለሁ እያልኩ በሆዴ እቆጣለሁ።

በእጄ የነበረው የሷ ነገር አንድ ሮቦት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ልገባ ስል የሰፈራችን ሰው ከጂዳ ሲመለስ ልካልኝ ነበር፤ ከባድ፣ ብረት የበዛበት፣ ሲያጣጥፉት የጭነት መኪና የሚሆን። «ለሴት ልጅ አሻንጉሊት እንጂ ይሄ ምን ይባላል?» ብለው ጎረቤቶች አፋቸውን ያዙ። ይበሉ! እጁን ከየት ወዴት እንደምገፋ፣ እግሩን አጥፌ እንዴት ጎማውን እንደማወጣ ማንም ሳያሳየኝ ለመድኩ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ፤ ጭንቅላቱ አይገባም። መኪናው ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ ከጣሪያው ላይ ራስ ብቅ ብሎ ይቀራል። የሰፈር ልጆች «ሹፌሩ ጣሪያ ላይ ወጣ!» እያሉ ሳቁብኝ። የተሰበረ ነገር ላከችልኝ ብዬ ቂም ያዝኩባት።

ከአውቶቡሱ ወርዳ አቅፋ ስትስመኝ እንደ ግንድ ቆሜ ተሳምኩ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እታለም» አልኳት፣ ቃሉን ረገጥ አድርጌ። ቤት ገብታ ሻንጣዋን ስትከፍት ጉድ ፈላ። ቀሚሱ ጉልበቴ ጋ እንኳ አይደርስም፤ ጫማው ተረከዜን አያስገባም። ዓረብ አገር የሄዱ እናቶች እንዲህ ናቸው፤ ልጃቸው ትተውት በሄዱት ቁመት ቆሞ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። «ያረቢ! እንዲህ አድገሻል?» አለችና ጫማውን ደረቷ ላይ ያዘች። አሳዘነችኝ፤ ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ።

ከሻንጣው ሥር ሌላ ሮቦት ወጣ። ያው የድሮው ዓይነት ነው፣ ግን አዲስ የወጣ። ፕላስቲክ ነው፤ ደረቱን ጫን ሲሉት ዓይኑ ይበራል፣ ይጮሃል፣ ጭንቅላቱ በራሱ ጊዜ ሰርጎ ይገባና ቷ! መኪና። እንግዳ ሊያዩ የተሰበሰቡት የጎረቤት ልጆች በአንድ አፍ «ወይኔ!» አሉ። እኔ ግን የድሮውን ከሳጥን አውጥቼ አጠገቡ ገተርኩት።

«የኔ ይበልጣል» አልኩ። «የሱ የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ምን ሊሆን ነው? ሬሳ! የኔው በእጅ ነው የሚሠራ።»

«እስካሁን ሳይሰበር አለ?» አለች እናቴ።

«ተሰብሮ ነው የላክሽው። ጭንቅላቱ አይገባም።»

እናቴ የድሮውን አነሳችው፤ ዓይኗ እኔ ላይ እንዳለ ጣቶቿ ብቻቸውን ሄዱ። እጁን፣ እግሩን አጠፈች፤ ከዚያ ደረቱን ግማሽ ዙር አዞረችና ጭንቅላቱን ጫን አደረገችው። ገባ! ምንም የማይጎድለው መኪና ሆኖ መዳፏ ላይ ቁጭ አለ።

«ማን አሳየሽ?» አልኳት።

«እዚያ የማሳድገው የአሠሪዬ ልጅ እንዲህ ያለ ነበረው» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ማታ የማጣጥፍለት እኔ ነበርኩ። ልጅ ሁሉ ይሄን የሚወድ መስሎኝ ላንቺም ገዛሁ። የሚያሳይሽ ሰው እንደሌለ ወላሂ አላሰብኩም።»

ቀናሁ፤ ያንን የማላውቀውን የሰው ልጅ በቁሙ ጠላሁት። ሮቦቱን ከእጇ መንጭቄ ጓዳ ገባሁ፤ ራሴ ካልሠራሁት ሞቼ እገኛለሁ ብዬ። አዞርኩ፣ ጫንኩ፤ ወይ ፍንክች! ደግሜ ሞከርኩ፤ አውራ ጣቴ ቀልቶ አበጠ። ከደጅ የልጆቹ ሳቅና የአዲሱ ሮቦት ጩኸት ይሰማኛል፤ ሳሎን እናቴና አክስቴ ለምሳ ሽንኩርት እየከተፉ ያወራሉ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አልቅሼም ሮቦቱን አልለቀቅኩትም። አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ ሳላውቀውማ አልተወውም! ብድግ ብዬ የሳሎኑ በር ላይ ቆምኩ።

«እማ!» አልኩ።

አክስቴ እንደ ልማዷ «አቤት» ብላ ተነሳች። እናቴ አንገቷን እንኳ አላቀናችም፤ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። አክስቴ በእጄ የያዝኩትን ሮቦት አየች፣ ፊቴን አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ቢላዋውን ከእናቴ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች።

«ተነሽ እንጂ እታለም» አለቻት፤ «አንቺን እኮ ነው የምትጠራው።»