የአጎቴ ኮት በዘመነ ሉቃስ

ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የልጅ ልጄ ከስልኳ ላይ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት፤ አንድ ቀን ተመረቀልን!» አለችኝ። እሷና ጓደኞቿ መስቀልን አንኮበር ሄደው ሊያሳልፉ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አደይ አበባ መሃል ፎቶ ሊነሱ፣ እሸት ሊበሉ ተማክረዋል። ልብሱ ተሰፍቶ አልጋዋ ላይ ተዘርግቷል። እኔ ግን ፊቴ ጠቆረ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ምንም፤ ብርዱ ነው» አልኳት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በማንኛውም ነገር ብርዱን ማመካኘት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ግን ጳጉሜ ስድስት በሆነች ቁጥር፣ ማለትም በየአራት ዓመቱ፣ የሚያመኝ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አይነገርም። «በኮት ተጣልቼ ነው» ብላት በምን ዓይን ታየኛለች?

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። አጎቴ ካሳ የአስመራ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ጣርማ በርን አልፎ ሲመጣ እኛ ቤት ያድራል፤ ከቆላው ብርቱካን፣ ከአስመራ ብስኩት ይዞልን ይመጣል። የዚያን ዓመት ሐምሌ ላይ ግን አንድ ኮት አመጣ። አስመራ ካለ ጣሊያን ልብስ ሰፊ ዘንድ ለራሱ ያሰፋው አመድማ የሱፍ ኮት ነው። ገበሩ ጥቁር ሐር፣ ኮሌታው ሰፊ፣ አዝራሮቹ ሦስት። ቦርጩ ወጣና አልዘጋ አለው። እኔን ጠርቶ አለበሰኝና ዞር እያደረገ አየኝ። «ላንተ የተሰፋ ነው የሚመስለው። በል እንግዲህ፣ ሰው ሁንበት» አለኝ።

ለዛሬ ወጣት ኮት ምንም አይደለም። ያኔ የእኛ ቢጤ ተማሪ ካኪ ሱሪ፣ በጠመኔ የነጣ ሸራ ጫማ፣ ከላይ ደግሞ እናቱ የፈተለችለትን ጋቢ አድርጎ ነው አዲስ ዓመትን የሚቀበለው። ኮት ያለው አስተማሪ ወይም ጸሐፊ ነው። እኔ ኮቱን በከሰል ካውያ አስተኩሼ ገበያ መሃል ሳልፍ ሰላምታ ይነሱኝ የነበሩ ሰዎች ሰላም ይሉኝ ጀመር። ኩራት አልጎደለኝም፤ ዛሬም ቢሆን ደህና ልብስ እወዳለሁ።

በልሁ የልብ ጓደኛዬ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው። ሰኔ ላይ ድንገት አረፉ። በልሁ ኀዘኑን ሳይጨርስ ቤታቸው ባዶ ሆነ፤ አጎት የለው፣ ታላቅ ወንድም የለው። የአባቱን ያለቀ ጋቢ ለብሶ ከእኔ ጎን ሲሄድ፣ እኔ በኮት ውስጥ ሆኜ አፈርኩ። አንድ ቀን በሬሳ ከሚባለው ወንዛችን ዳር ተቀምጠን፣ «ኮቱን ለሁለት እንልበሰው» አልኩት። «አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተም ነው።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። «አንተ ጀምር፤ የአጎትህ ነው» አለኝ።

«የለም፣ አንተ ጀምር። ነገ ነሐሴ አንድ ነው፣ ያንተ ይሁን።»

ቸርነት ይመስላል። ነገር ግን ይህን ከመናገሬ በፊት ከጋቢዬ ሥር በጣቴ ቆጥሬያለሁ። ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜ አምስት ቀን። ነሐሴ አንድን እሱ ከጀመረ መስከረም አንድ የኔ ነው፣ የመስቀል ዕለት አሥራ ሰባትም የኔ። ለምን እንደቆጠርኩም ልናገር፤ መስቀል ላይ አንኮበር፣ ጥሩወርቅ ቤት ተጠርተን ነበር።

ጥሩወርቅ የክፍላችን ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ሆና ትማርና ሰኔ ላይ ወደ አንኮበር ትመለሳለች። ስትሄድ፣ «መስቀልን እኛ ጋ ኑ፤ የባቄላ እሸት እስኪበቃችሁ ትበላላችሁ» ብላን ነበር። እወዳት ነበር። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው፣ ለበልሁ ብቻ ነው። አባቷ ባላምባራስ ደስታ ወግና ዘመድ የሚያዩ ሰው እንደሆኑ አገር ያውቃል። እኔም ኮቱን ለብሼ ፊታቸው ስቆም፣ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» እንዲሉ ነበር ምኞቴ። ለጥሩወርቅ ደግሞ አጎቴ ያመጣልኝን አበባ አበባ ያለበት ሻሽ ይዣለሁ።

ነሐሴ እንደዚህ እየተቀያየርን አለፈ። ጳጉሜም ገባች፤ አምስተኛዋ ቀን አለፈችና ስድስተኛዋ መጣች። እናቴ ጠዋት፣ «ዛሬም ጳጉሜ ናት፤ ዘመነ ሉቃስ ረዘመብን» ስትል ነው የባነንኩት። ተራው የኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ኮቱን ለብሼ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የቀረውን ቆጠርኩ። እንቁጣጣሽ የበልሁ ሆነ። መስቀልም የበልሁ ሆነ።

በማግስቱ ኮቱን ለብሶ፣ ለምለም ሣርና አደይ ይዞ «እንኳን አደረሰህ» ሊለኝ መጣ። እየሳቅሁ ነገርኩት። «በልሁ፣ ጳጉሜ ጉድ ሠራችኝ። አሥራ ስድስትን አንተ ልበስ፣ አሥራ ሰባትን ለኔ ልቀቅልኝ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ምን ነካህ ታዴ? ይሄም ይለመናል? ኮቱስ ያንተ አይደል?» አለኝ። እጄን መታ። በአሥራ ስድስት ማለዳ በሬሳ ድልድይ ላይ ተገናኝተን አብረን ልንሄድ ተቀጣጠርን።

ድልድዩ ላይ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠበቅሁት። አልመጣም። ታመመ ብዬ ቤቱ ሄድኩ። እናቱ እትዬ የሺ በር ላይ ስንዴ ያሰጣሉ፤ ሲያዩኝ ደነገጡ። «እንዴ፣ አብራችሁ ትላንት አልሄዳችሁም? ታዴ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል ብሎኝ ነው የወጣ» አሉኝ። እኔም እኚያን ሴት ላለማሳፈር፣ «ተሳስተን ነው» አልኩና መንገዱን ጀመርኩ።

በእውነት ያን ቀን የነበረውን መንገድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ገብሱ ዛላ አውጥቷል፣ ባቄላው አብቧል፣ ከፊሉም እሸት ይዟል፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው። ከአልዩ አምባ በኩል ሎሚና ሸንኮራ በአህያ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች አገኘሁ። አንዱ ሽማግሌ ላብ ሲያጠምቀኝ አይተው፣ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ምን ያስሮጥሃል? በዓሉ አላህ ካለ ይደርሳል» ብለው አንድ አንጓ ሸንኮራ ቆርሰው ሰጡኝ። ሸንኮራውን እያኘክሁ ለበልሁ ሰበብ ፈለግሁለት። መኪና አግኝቶ ይሆናል። ቀድሞ ሊያስተዋውቀኝ አስቦ ይሆናል። ሰው የሚወደውን ሰው ለማዳን የማይፈጥረው ነገር የለም።

አንኮበር የደረስኩት ደመራው ሲለኮስ ነው። ሕዝቡ ይዞራል፣ ልጆች «ኢዮሃ!» ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ መሃል አመድማው ኮት ከሩቅ ታየኝ። በልሁ ከባላምባራስ ጎን ቆሟል። ጥሩወርቅ ደግሞ በሌላው ጎን።

ባላምባራስ ቤት እንደ እንግዳ በክብር ተቀበሉኝ። ቀኑ ጾም ነበርና የባቄላ እሸት በየዓይነቱ ቀረበ፤ ጥሬው፣ ቅቅሉ፣ ከነቅርፊቱ ጥብሱ። እጄን ታጥቤ ገና አንድ እፍኝ እንዳነሳሁ ባላምባራስ የበልሁን ኮት ጫፍ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣

«መቼም ሱፍ ማለት ይሄ ነው። ከየት ነው ያልከኝ ልጄ?» አሉ።

«አጎቴ ነው ያሰፋልኝ፣ አስመራ» አለ በልሁ። እኔን አላየኝም። «የመኪና ሾፌር ነው። ከአባቴ ሞት ወዲህ እሱ ነው የሚረዳን።»

«ተመስገን ነው። አባት ቢሞት አጎት ያለው ሰው ወደቀ አይባልም» አሉ ባላምባራስ።

ያነሳሁትን እሸት መልሼ አስቀመጥኩ። አንዲት ቃል ብቻ በቂ ነበረች፤ «አጎቱ አይደለም፣ አጎቴ ነው» ማለት። ጥሩወርቅ በሞሰብ ላይ ጎንበስ ብላ ትጨምርልን ነበር። ለምን ዝም እንዳልኩ ስልሳ ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። በሰው ቤት፣ በበዓል ዋዜማ፣ አባቱ የሞተበትን ልጅ ማዋረድ ከበደኝ መሰለኝ። በጋቢ ተቀምጬ «ኮቱ የኔ ነው» ብል ማን ያምነኛል ብዬም ፈርቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰዎቹ በጉን ለማረድ ደፋ ቀና ሲሉ፣ በልሁን ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩት።

«ኮቱን» አልኩት።

«ዛሬ እኮ አሥራ ሰባት ነው» አለ።

«እሱማ ነው። ተስማምተን የለም እንዴ?»

«አንተ ለመንከኝ፣ እኔም እሺ አልኩህ። ተራ ግን ተራ ነው። ከነሐሴ ጀምረህ ቁጠረው።»

«ጳጉሜ ስድስት ባትሆን ኖሮ . . .»

ፈገግ አለ። «ሉቃስ መሆኑንማ ያኔውኑ አውቅ ነበር። የመሪጌታ ልጅ ይሄ ይጠፋዋል? አንተ ጀምር ያልከኝ ለምን እንደሆነም አውቄአለሁ፤ ጣትህን ከጋቢው ሥር አይቼዋለሁ።»

አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ይህን ሁሉ ጊዜ አውቆ፣ ስቆ፣ እጄን መትቶ ዝም ብሎኛል። «እሺ ኮቱስ ይሁን» አልኩት። «አጎቴንስ? እሱም በተራ ነው?»

ይሄኔ ብቻ ነው ዓይኑን የሰበረው። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ጥሩወርቅ ግን ከጓዳ በር ጠራችው። እኔን አይደለም፤ እሱን።

ሥጋው ሳይበስል ተነሳሁ። «እናቴ አመማት» ብዬ ዋሸሁ። ሻሹን ምን ላድርገው? ለጥሩወርቅ እናት ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ግንባሬን ስመው መረቁኝ። በመመለሻ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ለካ ከፈረስ የመውደቅ ነገር አይደለም።

በልሁ በማግስቱ ከአንኮበር እንደተመለሰ ኮቱን አጥፎ ለእናቴ ሰጥቶ ሄደ። «ዛሬ የታዴ ተራ ነው» ብሎ። ዳግመኛ አልለበስኩትም። ልብስ ሰፊ አሳንሶት ታናሽ ወንድሜ እስኪያልቅ ለበሰው። ከሦስት ዓመት በኋላ በልሁና ጥሩወርቅ ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ ላከብኝ፣ ሚዜም ሁነኝ አለ። ሽማግሌዎቹ በምን እንደተጣላን ሲጠይቁ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ይቅር አልኩት፤ ተሳሳምን። ሚዜነቱን ግን ደሴ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ።

በልሁ ካረፈ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሸምግዬ ሳስበው፣ አባት ከሞተበት ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ የሰው አጎት መውሰዱ ምን ያህል ቢጨንቀው ነው እላለሁ። እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም፤ እሱ ቆጥሮ ከበለጠኝ በፊት እኔ ቆጥሬበት ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ንዴቴ አልበረደም። ኮቱን ይውሰድ፤ ጥሩወርቅም ቃል የሰጠችኝ ነገር አልነበረም። አጎት ግን ከሰው ላይ ይወሰዳል? እኔ እኮ ሳይጠይቀኝ የኮቴን እኩሌታ የሰጠሁት ሰው ነኝ።

ጥሩወርቅ ከባሏ ሞት ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅ የባቄላ እሸት ትልክልኛለች። ዘንድሮ የልጅ ልጄ ከአንኮበር ስትመለስ ይዛልኝ መጣች፤ ላመሰግን ደወልኩ። ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ዝናቡ ከተጨዋወትን በኋላ፣

«እስቲ ዛሬ እንኳ ንገረኝ ታደለ» አለች። «እሱም ሳይነግረኝ ሞተ። ያኔ በወጣትነታችሁ ያጣላችሁ ምን ነበር?»

«በኮት ነው» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋ አላረጀም። «ያ አጎቱ አስመራ ያሰፋለት ኮት?»

ከላከችልኝ እሸት አንዷን ፈለፈልኩ።

«አዎ» አልኳት። «ያ አጎቱ ያሰፋለት።»