ባለ ሰገነቱ ቤት

ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰፈሩ ሁሉ «ባለ ሰገነቱ» የሚለው አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር። ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ቀበሌው ክፍሎቹን ለየቤተሰቡ አከፋፈለ፤ ለእኔና ለባለቤቴ ሳሎኑ ደረሰን። አስተማሪ ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንተፋፈግ ስለኖርን፣ ቁልፉን ስቀበል ደስታዬን አልደበቅሁም።

የቤቱ ባለቤት የነበሩት የፊታውራሪ ሚስት ግን እዚያው ነበሩ። ባላቸው ከአብዮቱ በፊት ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ተትታላቸው ይኖሩባት ነበር። ዕቃ ከማስገባታችን በፊት ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እሜቴ፣ ቀበሌው ሳሎኑን ሰጥቶናል። ከእርስዎ ሳልሰማ ግን አልገባም ብዬ ነው።»

አተኩረው አዩኝና ወንበር ሳቡልኝ።

«ግቢ ልጄ። ይህ ቤት ሰው ሲለዋውጥ የኖረ ነው» አሉ። «ያሠራው አርመን ነበር፤ ቆዳ ነጋዴ። ጣሊያን ሲገባ አንድ ሹማቸው አስወጣውና ተቀመጠበት። ሰገነቱን የጨመረው እሱ ነው። ጣሊያን ሲወጣ አርመኑ ተመልሶ ለፊታውራሪ ሸጠላቸው። እኔ በሙሽርነት ስገባ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ ምን ሆነህ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ።»

ተላመድን። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምሳ የሚያበሏቸው እሳቸው ሆኑ።

አንድ ክረምት የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። የጓሮዋ ክፍል ለቀበሌው ኅብረት ሱቅ መጋዘን ትፈለጋለች አለ።

«እሳቸውስ የት ይሄዳሉ?» አልኩት።

«ይፈለግላቸዋል።»

እሜቴ ነጠላቸውን አጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ያን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የእኛ ሳሎን ሰፊ ነው። ግማሹን ለመጋዘን ውሰዱት። እሳቸው ግን ከክፍላቸው አይወጡም።»

«ለአድኃሪ ነው የምትከራከሪው?»

ባለቤቴ እጅጌዬን ጎተተኝ። በዚያን ጊዜ ያቺ ቃል ሰው ታስበላ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ግን ልክ መሆኔን አውቅ ነበር።

«ለጎረቤቴ ነው» አልኩት። «ልጆቼን የሚያበሉልኝ እሳቸው ናቸው።»

ሊቀመንበሩ ገብቶ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር አየው። ከጓሮዋ ክፍል ይልቅ ለመንገዱ ይቀርባል፤ ጆንያ ለማውረድም ይመቻል። «ይሁን» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ አናጢ መጥቶ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ከፈለው። እሜቴ ነጠላቸውን ከሣጥን አውጥተው መልሰው ሰቀሉት።

ከስኳርና ከጨው ጆንያ ጋር ለዓመታት ጎረቤት ሆንን። ጉንዳን አስቸገረን፤ ባለቤቴም መጀመሪያ አኮረፈ፣ ኋላ «ስኳር ቤት ነው የምኖረው» እያለ ይቀልድ ጀመር። አንድም ቀን አልጸጸተኝም።

እሜቴ እዚያችው ክፍል ውስጥ፣ በአልጋቸው ላይ፣ እጃቸውን እንደያዝኩ አረፉ። የሰፈሩ ዕድር ቀበራቸው። ሊቀመንበሩም መጥቶ ድንኳን ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ አየሁት።

ደርግ ሊወድቅ ሲል ኅብረት ሱቁ ባዶ ሆነ፤ ኮምፔንሳቶውም ተነሳ። ሳሎኑ እንደገና ሰፋ። ልጆቼ ግን አድገው ስለነበር የሚሮጥበት አልነበረም።