የአባት ስም የምትለዋ ሳጥን

ትዕግሥት እኔ ዘንድ ብዙ አትቆይም፤ እናቴን ብትጠይቁ ትነግራችኋለች። ስለዚህ ቡራዩ ከምንከራየው ቤት ጀርባ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት የተማሪ ምዝገባውን በድረ ገጽ እንድሠራለት ሲጠይቀኝ እሺ ማለቴ ራሴንም ይገርመኛል። ዳይሬክተሯ ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ፣ እምቢ የማይባሉ ሴት። «የድሮው ሲስተም አርጅቷል፤ የልጆቹ መረጃ ግን ሁሉም እሱ ውስጥ ነው። አደራ፣ እንዳይጠፋብኝ» አሉኝ።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ደጅ የሚኒባስ ረዳት «ገፈርሳ! ገፈርሳ!» እያለ ይጮኻል፣ እኔ ቢሮአቸው ጥግ ላፕቶፔን ከፍቼ መረጃው ከተከማቸበት ከድሮው ዳታቤዝ ጋር እታገላለሁ። ገጾቹንና የመታወቂያ ካርዱን በውሸት መረጃ እየሞከርኩ ጨርሻቸው ነበር። የቀረኝ ከእውነተኛው መረጃ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። የምጽፍበት የኮድ ቋንቋ ደግሞ ነገረኛ ነው። «ይሄ ቁጥር ነው? ጽሑፍ ነው? ሁልጊዜ ይኖራል ወይስ ሊቀር ይችላል?» ብሎ ሳይጠይቅ ምንም አያሳልፍም፤ ቁርጥ አማት! ቀድመው ካልነገሩት ገጹን በቀይ ያሰምረዋል።

ዳታቤዙም በሩን አልከፍትም አለኝ። አድራሻው ልክ፣ የይለፍ ቃሉ ልክ፣ መልሱ ግን «መገናኘት አልተቻለም»። «ምን አባህ ልሁንልህ!» ብዬ ስጮህበት ዳይሬክተሯ ደንግጠው አማተቡ። ለካ ፖርት የሚሉት የመግቢያ በሩ ቁጥር ላይ አንዲት አኃዝ ተሳስቼ ኖሯል።

እሷን ሳስተካክል በሩ ተከፈተልኝ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ ሁሉ አንብበህ የየነገሩን ዓይነት ኮዴ ውስጥ ጻፍልኝ ብዬ አንባቢውን ፕሮግራም አዘዝኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ጽፎ ጨረሰ። ተማሪ፣ ወላጅ፣ ክፍል፣ አስተማሪ፣ ማን ከማን እንደሚያያዝ ሁሉ ቁልጭ ብሎ መጣ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚጋፉኝ ልጆች ናቸው እኮ! «በስመ አብ!» አልኩ። ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ግን ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ሰው ያስቀመጠው ነገር ባዶ ገጼ ላይ እንዲህ ሲፈስ አሁንም ያስደነግጠኛል። ደስ የሚል ድንጋጤ ነው።

አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ የገባችው እዚያው ላይ ነው። ጃንጥላዋን በር ላይ ትታ «አካም ጂርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችን። ልጅቷን አንደኛ ክፍል ልታስመዘግብ ነው። ዳይሬክተሯ የድሮውን ሲስተም ከፍተው የልጅቷን ስም ጻፉና «የአባት ስም?» አሉ።

«የላትም።»

«ቢሞትም እኮ ስሙ ይገባል፣ ልጄ።»

«አልሞተም። ልጄ አይደለችም ብሎ ሄዷል። ስሙን እሷ ላይ አልጽፍም። የአያቷን እንዳትሉኝ፤ አባቴም በእኔ ስም እንዳታስጠሪያት ብሎኛል።»

ዳይሬክተሯ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ የሆነ ስም እናስገባላት። ማን ያውቃል?»

«እሷ ታውቃለች! በተጠራች ቁጥር የማታውቀው ሰውዬ ስም ይከተላት? ማሎ እማማ፣ እለምንዎታለሁ።»

«እኔ ምን ላድርግ የኔ ልጅ፤ ሲስተሙ አይቀበልም።»

ሴትየዋ የልጇን እጅ ያዘች። «ሁለት ትምህርት ቤት በዚችው ቃል ነው የመለሰኝ» አለችና ወደ በሩ ዞረች።

ደሜ ፈላ። «ቆይ አንዴ! የምን ሲስተም ነው? ሲስተሙ እኮ እኔ ነኝ!» አልኩ። አጉል ጉራ ነበር፤ ግን ሴትየዋ ቆመች።

ኮዴን አየሁት። እውነትም ዳታቤዙ የአባት ስምን «ባዶ አይሆንም» ብሎ ዘግቶታል። ማንም ክፉ ሰው አልዘጋውም፤ የሠራው ሰውዬ አባት የሌለው ልጅ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ዳይሬክተሯን አስፈቀድኩ፣ አደራ ነውና መጀመሪያ የመረጃውን ቅጂ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ያቺን ክልከላ አነሳሁና ፕሮግራሙን እንደገና እንዲያነብልኝ አዘዝኩት። አሁን ከአባት ስም ጎን አንዲት የጥያቄ ምልክት በቀለች። በዚያ ቋንቋ «ሊኖርም ላይኖርም ይችላል» ማለት ናት።

ወዲያው ሥራዬ ሁሉ በቀይ ተጥለቀለቀ። በሌላ ቀን ቢሆን ጠረጴዛውን በቦክስ እለው ነበር። ያን ቀን ግን አንድ በአንድ አነበብኩት። የስም መጥሪያው፦ እዚህ አባት አለ ብለሻል፣ ባይኖርስ? የፈተና ወረቀቱ፦ ባይኖርስ? ለወላጅ የሚላከው መልእክት «ለአቶ» ብሎ ይጀምራል፦ ባይኖርስ? ያቺ ልጅ ገና ያልደረሰችበት፣ እየሄደች እየሄደች የምትደናቀፍበት ቦታ ሁሉ አንድ ሳይቀር ተቆጥሮ ፊቴ ተዘረጋ። እናቷ እንኳ ልታውቀው የማትችለውን! ነገረኛ ስለው የኖርኩት ቋንቋ ለካ ስለ እሷ ነበር የሚጨቀጭቀኝ። ጉድ ነው! እንዲህ ተገርሜ አላውቅም።

እየተከተልኩ አስተካከልኳቸው። «ባይኖር እናቷን ጥራ፤ ባይኖር መስመሩን ጭራሽ አታትም።» ቀዩ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«እና ከስሟ ቀጥሎ ምን ይምጣ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«የእኔ» አለች ሴትየዋ።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እምቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። «የወለድሻት አንቺ፣ ያመጣሻት አንቺ። ይሁን» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ «ጻፊው።»

ጻፍኩት፤ ያለ አንዳች ማጉረምረም ገባ። ካርዱን አትሜ ለሴትየዋ ሰጠኋት። ከፊት አየችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና ከፊት አየችው።

«ሰረዟስ?» አለችኝ።

«የቷ ሰረዝ?»

«በአባት ስም ቦታ የሚያሰምሯት። ክትባት ካርዷ ላይ አለች፣ የልደት ወረቀቷም ላይ አለች። ጣቷን እያስቀመጠች ‹ይቺ ምንድን ናት?› ትለኛለች።»

«እዚህ የለችም» አልኳት።

ልጅቷ ካርዱን ከእናቷ እጅ ወሰደች። አፀደ ሕፃናት ፊደል ለይታለች መሰለኝ፣ በጣቷ እየተከተለች መጀመሪያ የራሷን ስም፣ ቀጥላ የእናቷን ስም አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ «እማ፣ አንቺም እዚህ ልትማሪ ነው?» አለቻት።