ለሚንቀጠቀጥ ጣት የተሰፋ ቀዳዳ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ግራው ይላቸዋል፤ መርፌ የሚይዙት በግራ እጃቸው ነዋ። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ የስፌት መኪና መርገጡን ትተው በእጅ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳም ይሰፋሉ። ሥራውን የሚያመጣላቸው የሚስታቸው ወንድም ነው፤ መቀስ አያያዝ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት ሰው።

ከአራት ዓመት በፊት መጥቶ፣ ለአረጋውያን መጦሪያ ሸሚዝ እያሰፋሁ ነውና እጅዎን ለጽድቅ ያውሱኝ አላቸው። እሺ አሉ። እንዲያውም ከራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩበት። የሽማግሌ ጣት እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃሉና፣ ቁልፉ ሳይታገል እንዲገባ ቀዳዳውን የፀጉር ያህል ሰፋ፣ ወደ ታችም ዘንበል አደረጉት። ሲሰፉ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ጠዋት ተነሥቶ፣ ማንንም ሳይጣራ ደረቱን ሲቆልፍ ይታያቸዋል። ለዚያ ሰው ሲሉ ስንቱን ቀዳዳ ፈትተው እንደገና ሰፍተዋል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፣ ሁለት ካርቶን ታቅፈው ገቡ። ልጆቻቸው ከትልቁ ሱቅ ሁለት ውድ ሸሚዞች አምጥተው፣ አንዱን እንዲመርጡ፣ ሌላውን እንደሚመልሱት ነግረዋቸዋል። አንደኛው ኮሌታው ቀጥ ያለ ነጭ ጥጥ ነው፤ ሌላው ትልልቅ አበባ የፈሰሰበት ሐር።

"ነጩን ስለብስ የሞትኩ፣ አበባውን ስለብስ ያበድኩ ይመስለኛል" አሉ ርዕሰ መምህሩ። "እስቲ አንተ ፍረድ።"

ጋሽ ግራው እየሳቁ ሐሩን ገለበጡት። ጨርቁ ያምራል፤ ስፌቱ ግን የጥድፊያ ነው። ነጩን አነሡ። አውራ ጣታቸው የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ክሩ የሚሄደው ቀኝ እጅ ከሚሰፋበት በተቃራኒ ነው። ቀዳዳው ሰፋ ብሏል፤ ወደ ታች ዘንበል ብሏል። አንገቱ ላይ ግን በወርቃማ ክር የባዕድ አገር ማርካ ተሰፍቶበታል።

ክው አሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን ወሬያቸውን ቀጥለዋል፤ ሻጩ ከሁሉ አብልጦ ያሞገሰው ቀዳዳውን እንደሆነ፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ስመ ጥር ሰው በእጁ እንደሚሰፋው።

ጋሽ ግራው ነጩን አለበሷቸው። የርዕሰ መምህሩ ጣቶች ዘንድሮ ፊርማ እንኳ አልታዘዝ ብለዋቸዋል። ቁልፎቹን ግን ማንም ሳያግዛቸው ከላይ እስከ ታች ቆለፉ። ራሳቸውም ገረማቸው።

"ነጩን ያዝ" አሉ ጋሽ ግራው። "ላንተ የተሰፋ ነው።"

ሐሙስ ዕለት የሚስታቸው ወንድም እንደ ልማዱ ያለቀውን ሊወስድ መጣ። ሰላምታውን አድርሶ እስኪቀመጥ ታገሡት።

"ሽማግሌዎቹ እንዴት ናቸው?" አሉት ድምፃቸውን ሳያነሡ።

"የትኞቹ ሽማግሌዎች፣ ጋሼ?"

ቢክድ፣ ቢምል፣ እግራቸው ላይ ቢወድቅ የሚሉትን አዘጋጅተው ነበር። ውሸቱን ይረሳዋል ብለው ግን አላሰቡም። እሳቸው አራት ዓመት ሙሉ አብረዋቸው የኖሩትን ሰዎች፣ እሱ ባንድ ቀን ፈጥሮ በዚያው ቀን ረስቷቸዋል።

ነገሩ ዘግይቶ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። ያለ ማርካ ማን ይገዛል፣ ጊዜው ሲደርስ ልነግርዎ ነበር፣ ደግሞ እኮ ቤተሰብ ነን እያለ ብዙ አወራ። ሲደክመው ጋሽ ግራው ተነሥተው የታሰረውን ጥቅል አቀበሉት፤ በሩንም እንደ እንግዳ ከፈቱለት።

ጥቅሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሸሚዞች አሉ። በየሸሚዙ ደረት ባንደኛው በኩል ቁልፎቹ በወጉ ተተክለዋል። በሌላው በኩል አንድም ቀዳዳ የለም።