የወንድሞቼ ጃቫ እና የአባዬ ሐጅ

ሁለቱም ወንድሞቼ ፕሮግራመር ናቸው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ነው። ትልቁ ቦሌ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ትንሹ ገና መመረቁ ነው። እኔ ደግሞ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ያለውን የአባዬን የጫማ ሱቅ ጠዋት የምከፍት፣ ማታ የምዘጋ ነኝ። ቤት ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ከተነሣ "አንቺ ተዪው፣ አይገባሽም" እባላለሁ። እሺ፣ አይገባኝም።

ነገሩ የተጀመረው አባዬ "ዘንድሮ ሐጅ እሄዳለሁ" ያለ ጊዜ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ጉልበቱም ገና አልከዳውም። ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የትኛው ጫማ ሱቁ ውስጥ፣ የትኛው መጋዘን ውስጥ እንዳለ በደንብ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። "ዕቃዬ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይገባ ንቅንቅ አልልም" አለ። "እኔ አለሁ አይደል እንዴ?" አልኩት። "አንቺማ ልጄ ነሽ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ወንድሞቼ "ይሄማ የአንድ ወር ሥራ ነው!" ብለው ተነሡ። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሱቁ እንዳይቆም፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ይሁን ተባለ። በዚህ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በምንም ተስማምተው አያውቁም።

ፕሮግራሙ በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ ይጻፍ የሚለው መጣ። ትልቁ "ጃቫ ነው፤ የትም ቦታ ይሠራል" አለ። ኧረ የት ሊሄድ! የእኛ ኮምፒውተር ከተገዛ ጀምሮ ከጫማ ካርቶኖቹ ጀርባ ተነሥቶ አያውቅም። ትንሹ "ጃቫ የሽማግሌ ነው፤ በፓይተን ሁለት መስመር ነው" አለ። ሁለቱን መስመር ግን ጽፎ ያሳየን የለም። ትልቁ ትንሽ ለስለስ ብሎ "እሺ፣ ለዊንዶውስ ከሆነ ሲ ሻርፕ ይሁን" ሲል፣ ትንሹ "አባዬ ነገ ማክ ኮምፒውተር ቢገዛስ?" ብሎ ተቆጣ። ማክ! የካልኩሌተሩ ቁልፍ ወልቆበት በእስክሪብቶ ጫፍ እየተጫነ የሚያሰላ ሰውዬ!

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የደንበኛ መቀመጫ ላይ ይዘረጋሉ። ቪዲዮ ይከፍታሉ፤ የትኛው ቋንቋ ይፈጥናል፣ የትኛው ያምራል እያሉ ይጨቃጨቃሉ። አጠገባቸው ምን እንደሚሸጥ፣ እንዴት እንደሚሸጥ አንዴ እንኳን ዞር ብለው አላዩም። ረመዳን ገባ፣ ረመዳን ወጣ። አባዬ በመጨረሻ ሲጮህባቸው ሲ ሻርፕን እንደ ቅጣት ተቀብለው በጥድፊያ ጨረሱት። ትንሹ "ግልጽነት ያስፈልጋል" ብሎ ስክሪኑን ወደ ደንበኛ አዞረው።

መርካቶ ውስጥ "የለም" አይባልም። የተጠየቀው ዕቃ ባይኖርም "አለ! ቁጭ በሉ" ይባላል፤ ሻይ ይታዘዛል፤ ከጎረቤት ሱቅ ሮጦ ይመጣል። ነገ ደግሞ ጎረቤት ከእኛ ይወስዳል። ወንድሞቼ በልተው ያደጉት፣ የተማሩትም በዚህ ነው።

የሙከራው ቀን አንዲት የቆየች ደንበኛችን ገባች። "ጋሼ፣ ያ ባለ ነጭ ሶሉ አለ?" አለች። "አለ! ቁጭ በይ" ብሎ አባዬ ሊሮጥ ሲነሣ፣ ትልቁ ወንድሜ በኩራት ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ፤ "የለም"።

"እንዴ ጋሼ! ይሄ እኮ የለም ይላል" አለች። ሳቀችና ወጣች። አባዬ ሊያመጣላት ወዳሰበበት ጎረቤት ራሷ ሄዳ ገዛች።

አባዬ ኮምፒውተሩን አየው። "ይሄን እዚህ አስቀምጬማ ከመርካቶ አልወጣም" አለ። "አባዬ፣ እኔ አለሁ!" አልኩ እንደገና። ማን ሰምቶኝ! ወንድሞቼ ጥፋቱን መርምረው ጨርሰዋል። ቀዩን "የለም" ማጥፋት የአንድ ቃል ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ከተነካ አይቀር በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ቢጻፍ ይሻላል አሉ። ጃቫና ፓይተን ከመቃብር ተነሡ። ወላሂ፣ የዚያን ቀን ጫማ ብወረውርባቸው ደስ ይለኝ ነበር። የሐጅ ምዝገባው እነሱ ሲጨቃጨቁ ተዘጋ።

ያ ደንበኛችን የገዛችበት ጎረቤታችን ግን ሐጅ ሄደ። ሲመለስ ቴምርና የዘምዘም ውሃ ይዞ ሱቃችን መጣ። አባዬ ብድግ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "ሐጂ" ብሎ ጠርቶ አቀፈው። ከዚያ አንድ ቴምር አነሣና ቀስ ብሎ በላ። ጎረቤታችን ሲወጣ ወደ ወንድሞቼ ዞረ።

"እህ፣ መረጣችሁ?"

"ልንጨርስ ነው አባዬ" አለ ትልቁ። "አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚሻል አዲስ ቋንቋ ወጥቷል።"

አባዬ የቴምሩን ፍሬ መዳፉ ላይ አገላበጠው፤ ከዚያ ኪሱ ከተተው።

"ተረጋግታችሁ ምረጡ" አለ። "እኔ የት እሄዳለሁ።"