ኬላው ላይ ያጨበጨበው ወታደር

ጭፈራ እንጀራ አይሆንም የምትሉኝ፣ ይህን ስሙኝ። በደርግ ጊዜ ልጄን አዝዬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ኬላ ላይ አስወረዱን። ሻንጣዬ ሲፈተሽ የትግራይ ጥልፍ ቀሚስ ወጣ።

"ከወንበዴዎቹ ጋር ነሽ?" አለኝ ሻምበሉ።

"ወላሂ አይደለሁም ጓድ ሻምበል። የቀበሌው ኪነት ተወዛዋዥ ነኝ። የጉራጌውንም የኦሮሞውንም እጨፍራለሁ። ዘፈን ስሰማ እግሬ አያስቀምጠኝም።"

"እስቲ የዚህን ቀሚስ ጨፍሪ።"

እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ ልጄን እንዳዘልኩ፣ በአፌ እያዜምኩ መዞር ጀመርኩ። ካሰሩኝ ልጄን ማን ያጠባታል እያልኩ እዞራለሁ። ሻንጣዬን የፈተሸው ወጣት ወታደር አዘነልኝ መሰለኝ፣ "አብሽሪ እህቴ" ብሎ ያጨበጭብልኝ ጀመር።

የትግርኛ ጭፈራ በዝግታ ዞሮ ዞሮ ድንገት ይፈጥናል። ያችን ቦታ እኔ ስንት ተለማምጄ ነው የያዝኳት። የሱ እጅ ግን ቀድሞኝ ፈጠነ፤ ትከሻውም አብሮ ተነሳ። ደስ ብሎኝ ተከተልኩት።

ሻምበሉ እኔን ማየት ትቶ ነበር።

"በቃ፣ አንቺ ሂጂ" አለኝና ወደ ወታደሩ ዞረ። "የደሴ ልጅ ነኝ አላልከኝም? ይቺን ጭብጨባ ከየት አመጣሃት? በል ጠመንጃህን አስቀምጥ።"